ሰባት ነጥብ በሀምዱ ክንድ ላይ

ኮምቦልቻ፣ የካቲት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ዘይኑልአቢዲን፣ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ልብስ ስፌት ቤታቸው፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ ባለው ምድር እንደ እኔ አድርጎ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ገና አልተወለደም። ሐርቡን እንኳ ልተወው፤ እዚያ አንድ ጡረታ የወጣ መምህር አለ ይላሉ። ኮምቦልቻም ቢሆን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ። ከጎሚስታዎች መሀል ካሉኝ ግን፣ ወላሂ፣ የሚደርስብኝ የለም።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ነው? የስፌት መኪናዎስ? እማማ መዲና ደህና ናቸው? ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ሰውስ ደህና ናት? ስሟን ያልጠራሁት ለአክብሮት ነው።

የማታ ትምህርቱን ጨረስክ ወይ ላሉኝ፣ ጨርሻለሁ። የምስክር ወረቀቱን ጎማ ከምንነፋበት ማሽን በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሹፌሮች ጎማቸው እስኪጠገን ያነቡታል፤ ማንበብ ላልቻለ እኔ አነብለታለሁ። አሠሪዬ ጋሼ የሱፍ አውርደው ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ስለሸፈነለት ተወኝ።

ስለ ምዝገባው የሰሙት እውነት ነው። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ እኛ ቀበሌ ተጀምሯል። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ይመዘገባል። እኔ ሃያ አራት ነኝ፤ እናቴ ሃያ ስድስት ነህ ትላለች፤ በየትኛውም ቢቆጠር አላመልጥም። ስሜን በገዛ እጄ መዝገቡ ላይ ስጽፍ የቀበሌው ጸሐፊ ተገርሞ ቀና ብሎ አየኝ። ቀና ያለው ቀለሙን ስላፈሰስኩበት ነው፤ ቢሆንም አይቶኛል።

እርስዎ ግን አብሽሩ። እኔ መላ አለኝ። ምን ዓይነት መላ እንደሆነ አሁን አልናገርም።

ቤት ድረስ መጥቼ ያልነገርኩዎ ኒካህ ሳይታሰር እጮኛ ቤት መመላለስ እንደማይወዱ ስለማውቅ ነው። ይህን የሚያደርስልዎ ጓደኛዬ ብሩ ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ የሐረጎን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣዋል።

ልጅዎ ሀምዱ

•

ደሴ፣ የካቲት 21 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ሀምዱ፣ ወአለይኩም ሰላም። ቃሉ የእኔ ነው፣ እጁ የረሂማ። ስለዚህ ምርቃቱ የበዛ ከመሰለህ ከእኔ አይደለም።

ወገቤ እንደ ወገብ ነው። ስፌት መኪናው ከእኔ ይሻላል። እኔንም ማታ ማታ ተማር ይሉኛል። ቁርአኔን በቃሌ እቀራለሁ፤ ለፊደሉ ግን ዓይኔ አልበቃም፤ የቀረችኝን ለመርፌ ቀዳዳ ቆጥቤያታለሁ።

መላ አለኝ ያልከውን አልወደድኩትም። ጥሩ መላ ቢሆን ኖሮ በአራት ገጽ ትጽፍልኝ ነበር። ሸሽተህ ተደበቅ አላልኩህም፤ አንተ ብትጠፋ የምትጠየቀው እናትህ ናት። እኔ የምልህን ልብ ብለህ ስማ። ሽማግሌዎችህ ሲመጡ ረሂማን ሰጥቻለሁ ብያለሁ፤ አሁንም ያው ነኝ። ግን ግዳጁ ሥልጠናው ስድስት ወር፣ አገልግሎቱ ሁለት ዓመት ነው ተባለ። ልጄ ኒካህ ሳይታሰርላት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በር በር ስታይ አትኖርም። ስምህ ለዘመቻ ከወጣ ቃሉ ይነሳል፤ አንተም ነፃ፣ እሷም ነፃ። ካልወጣ ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ ይታሰራል። በዚህ እንግባባ።

ዘይኑልአቢዲን

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። «እሷም ነፃ» የሚለውን ስጽፍ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ አንዴም ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። መላህ ምንድን ነው? ለእኔ ንገረኝ። ረሂማ

•

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባባ ዘይኑልአቢዲን፣ የሰላሙን ሙሉ፣ የዱዓውን ሙሉ ልኬልዎታለሁ። በነገሩኝ ሁሉ ተስማምቻለሁ። መላዬን በተመለከተ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ይመኑኝ። በልጉ እዚህ አልጣለም፤ እናንተ ጋ ጠብ ካለ ይጻፉልኝ። እማማ መዲናን ሰላም ይበሉልኝ። ደብዳቤው እዚህ ላይ አለቀ።

ረሂማ፣ አላለቀም። ከዚህ በታች ያለውን ለራስሽ አንብቢ።

ብሩን ታውቂዋለሽ፤ ያ ረጅሙ የኩታበር ልጅ። ክንዱ ላይ እናቱ በልጅነቱ ያስነቀሰችው መስቀል አለ። እሱ በተመዘገበበት ቀበሌ ከእኛ ቀድመው ለሕክምና ምርመራ ጠሩት፤ በማግስቱም «አትሆንም» ብለው መለሱት። እንዲህ እንደ ግንድ የቆመ ሰው ምን ጎደለው? ጎሚስታው ቤት ተቀምጠን ስንመረምር አንድ ነገር ብቻ አገኘን፤ ንቅሳቱን። መንግሥት ምልክት ያለበት ወታደር አይፈልግም ማለት ነው። ብሩን ስንጠይቀው ዝም አለ፤ ዝም ማለቱን እሺ አደረግነው። በሳምንቱ መናኸሪያው ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

እኔ መስቀል መነቀስ አልችልም፤ አባትሽ ከነነፍሴ ይቀብሩኛል። ምልክት ከሆነ ግን ሁሉም ምልክት ነው ብዬ ቅዳሜ ገበያ እትዬ አትጠገብ ዘንድ ሄድኩ። ለሙሽሮች አንገት የምትነቅሰዋ ናት። ከሁለት ሴቶች በኋላ ተራዬ ደረሰ። «ለማን ነው?» አለችኝ፤ ለእኔ ነው ስላት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የምታውቀው የክርስቲያን መስቀል፣ ድድ መንቀስና አንገት ዙሪያ የሚነቀሰውን የሙሽራ ማርዳ ብቻ ነው። ማርዳ ይሁን አልኳት፤ ግን ክንድ ላይ። እንደ ሙሽራ አንገት ክንዴን በክር ለካችው። አምስት መርፌ አንድ ላይ አስራ፣ የኩራዝ ጥላሸት ነክራ ጀመረች። ክቡ የሚዘጋው በአሥራ አምስት ነጥብ ነው። የእኔ ሰባት ላይ ቆሟል። ለምን ሰባት ላይ እንደቆመ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ።

ክንዴ አብጧል፤ ለሰው ግን ጎማ ወደቀብኝ እያልኩ ነው። ይህን ያደረግሁት አባትሽ ቃሉ ይነሳል ስላሉ ነው። አታንብቢላቸው።

ሀምዱ

•

ደሴ፣ መጋቢት 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሀምዱ፤

ሰላምታውን የቀነስኩት ሆን ብዬ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ብሩ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ሱቄ መጣ። ያ ልጅ እንዴት ነው ብዬ ስላንተ ጠየቅሁት። «ክንዱ ድኗል፤ እብጠቱም ወርዷል» አለኝ። ክንዱ ምን ሆኖ አልኩት። ያልሰማኝ መስሎ ዝም አለ። ጮክ ብዬ ስደግምለት ነው ሁሉንም የዘረገፈው፤ ከዘረገፈ በኋላም ማውራት ያልነበረበት መሆኑ ገብቶት ሱሪውን ጥሎልኝ ሄደ።

ረሂማን ጠራሁና ያንን ደብዳቤ እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። መጀመሪያ ስታነብልኝ አጭር ነበር፤ በሁለተኛው ረዘመ። እሷን የቀጣሁት በዝምታ ነው። አንተን ግን በዝምታ አልቀጣህም።

ሰውነትን መነቀስ ሀራም ነው። ይህን ለማወቅ የማታ ትምህርት አያስፈልግም። ፈርተህ ከሆነ አባባ ፈራሁ በለኝ፤ መፍራት ሀራም አይደለም። አንተ ግን ፈራሁ ከማለት ክንድህን ማበላሸት ቀለለህ፤ ልጄንም ከአባቷ ደብዳቤ እንድትሰርቅ አደረግህ። ስምህ ባይወጣ እንኳ ልጄን ልሰጥ የተዘጋጀሁት ለማን እንደሆነ አሁን አላውቅም። ነጥቡ ሰባት ነው አሉ። ሥራህን እንኳ ያልጨረስከው ለምንድን ነው? በአሥር ቀን ውስጥ እውነቱን ጻፍልኝ። ካልጣመኝ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ።

ዘይኑልአቢዲን

ሀምዱ፣ አሁን አባባ ለሶላት ወጥቷል። ይህን ሁሉ ሲያጽፈኝ እማዬ አጠገባችን ምስር ትለቅም ነበር። «ሀራም ነው» ባለ ቁጥር ሻርፗን ከአንገቷ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ማርዳ አላት፤ ከሩቅ ይታያል። በሦስተኛው ላይ አባባ አያት።

«ያኔ አላዋቂ ነበርን» አለ።

«ያኔ ይሄን አንገት አይተህ ነው ሽማግሌ የላክኸው» አለችው፤ ምስሯን ሳትተው።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ ወረድ ብሏል። ቶሎ ጻፍ፤ ቀልድ አታብዛ። ረሂማ

•

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 23 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባባ ዘይኑልአቢዲን፤

እኔ ሰላምታዬን አልቀነስኩም፤ መቀነስ የሚችለው የተበደለ ነው። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለእማማ መዲና ደግሞ ሁለት ጊዜ፤ ለምን ሁለት እንደሆነ አልናገርም።

አውፍ ይበሉኝ። ይህችን ቃል ስጽፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ፈርተህ ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ ፈርቻለሁ። ጥይቱን አይደለም። ጥይቱንም ትንሽ። ይበልጥ የፈራሁት ግን «ቃሉ ይነሳል» ያሉትን ነው። ረሂማ ላይ አይቆጡ፤ እንዳታነብ የለመንኳት እኔ ነኝ።

መላዬ ምን እንደሆነ ይስሙና ከፈለጉ ይሳቁብኝ። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ግቢ አሰልፈው መረመሩን። ሸሚዛችንን አውልቀን በየተራ ገባን። እኔ አዲስ ሰዓት እንደገዛ ሰው ቀኝ ክንዴን አስቀድሜ ነው የገባሁት። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው መቶ አለቃ ግን ዞርም ብሎ አላየውም። ስለዚህ ክንዴን ወረቀቱ ላይ አኖርኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ንቅሳት ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። ንቅሳት ያለው አይወሰድም ሲሉ ሰምቼ፣ በከንቱ እንዳላደክማችሁ ብዬ ነው።»

ሐኪሙን ጠራው። ሐኪሙ የአገራችን ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ገና ሲያየው «የሙሽራ ማርዳ ነው፤ ግማሹ ቀርቷል» አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ እልል ብሎልኛል። መቶ አለቃው ግን አልሳቀም።

«ስማ፣ ንቅሳት ማንንም አያስቀርም» አለኝ። «እንዲያውም ብትጠፋ ፈልገን የምናገኝህ በዚህ ነው።»

ቅጹ ላይ «ልዩ ምልክት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ከእኔ በፊት ለገባው ጠባሳ ጻፉለት። ለእኔ የጻፉትን ከወዲያ ማዶ ተገልብጦ አነበብኩት፤ «በቀኝ ክንድ ላይ ሰባት ነጥብ፣ የሴት ንቅሳት»። ማንበብ በመቻሌ የተጸጸትኩት በዚያች ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ደረቴን አዳመጡ፣ ጥርሴን ቆጠሩ፣ ጤናማ ብለው አሳለፉኝ። እንግዲህ የቀረው ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ማየት ነው።

ብሩ ከደሴ ሲመለስ ያዝኩት። ንቅሳት አይደለም እንዴ ያስቀረህ አልኩት። መጀመሪያ ማለልኝ፤ ኋላ መኪናው ሥር ወስዶኝ ነገረኝ። ቀኝ ጆሮው አይሰማም። ዓምና አጠገቡ ጎማ ሲፈነዳ ነው የደነቆረው። ባለ መኪናው ካወቀ ከረዳትነቱ ያባርረዋል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ መስቀሉ ነው ሲል እሱም መስቀሉ ይሁን ብሎ ተወው። እርስዎ ሁለት ጊዜ የጠየቁት በቀኙ በኩል ቆመው ይሆናል። ለማንም እንዳይነግሩበት አደራ፤ ሱሪውንም ይስፉለት።

አሁን ለምን ሰባት ላይ ቆመ ወዳሉኝ ልምጣ። ስድስተኛዋን ችያለሁ። ሰባተኛዋን ስትወጋኝ ግን አላህ ልቤ ውስጥ መጣ። ይህ ሰውነት የአንተ ነው እንዴ የሚል ነገር ሰማሁ። «አስተግፊሩላህ!» ብዬ ክንዴን ነጠቅኋት። እትዬ አትጠገብ ይዘጋልህ፣ ክቡ ክፍት ሲቀር አያምርም ብትለኝም አሻፈረኝ ብዬ ወጣሁ። ጥፋቴን ሙሉ አላደርገውም ብዬ ነው። አባባ፣ ገብቼበታለሁ፤ ግን መንገድ ላይ ተመልሻለሁ።

ሀምዱ

•

ደሴ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ ሀምዱ፣ ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ያጎደልኩትን ሰላምታ መለስኩልህ።

ደብዳቤህን ረሂማ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ፤ በሦስቱም እኩል ረዘመ። ስለ ማርዳው ስሰማ ልስቅ ፈልጌ መቀሱን ያዝኩ። እማማህ መዲና ግን ምንም አልያዘችም፤ እስክታነባ ሳቀች። የብሩን ሱሪ ሰፍቼለታለሁ። ሲመጣ በግራው በኩል ቆሜ ነው ያናገርኩት፤ ምንም አልጠየቅሁትም።

አሁን ቁም ነገሩን ስማ። ለሃምሳ ዓመት ጨርቅ ቆርጫለሁ። ሲሳሳት መቀሱን መሀል ላይ የሚያቆም ሰው ብዙ አላየሁም፤ አንዴ ከተቆረጠ ብሎ እስከ ጫፉ ይወስደዋል። አንተ ሰባት ላይ አላህን አስታውሰህ እጅህን ነጥቀሃል። እኔ የምፈልገው ይሄንን ሰው ነው። መነቀስህን አልወደድኩም፣ አልወድም። መመለስህን ግን ወደድኩ።

ስለዚህ ቀድሞ ያልኩህን አንስቻለሁ። ስምህ ወጣም አልወጣም፣ ሐሙስ ግንቦት 9 ኒካሁ ይታሰራል። ከሄድክ ሚስትህን ለእኔ አደራ ብለህ ትሄዳለህ፤ ከቀረህ ጎማህን ትጠግናለህ። ለሽማግሌዎቹም ስለ ሰባቱ ነጥብ ነግሬያቸዋለሁ። አንደኛው ሲሰማ አለቀሰ። ነጭ ጀለቢያ እየሰፋሁልህ ነው፤ እጅጌውን ረዘም አድርጌዋለሁ።

ዘይኑልአቢዲን

እኔ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ስትመጣ እነግርሃለሁ። አባባ እጅጌውን ሲለካ ያፏጭ ነበር። ረሂማ

•

ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ግንቦት 6 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለአባባ ዘይኑልአቢዲን፤

አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ብሩ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

ስም ዝርዝሩ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ለጠፉት። ሰው ሁሉ ማን ያንብብልን ሲል ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደፊት ወጣሁ። ሁለት ስም እንዳነበብኩ ደረቴ ተነፈሰ። ከእኛ ሰፈር ሦስት ልጆች ወጥተዋል። አንደኛው ማታ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ነው። እናቱ ስሙን እንደገና አንብብልኝ አለችኝ፤ አነበብኩላት። ሦስተኛ ጊዜ አንብብልኝ ስትል አቃተኝ። ዱዓ ያድርጉላቸው፤ ሰኞ ገበያ ያሉትም ያድርጉላቸው።

እኔ ያለሁት ከታች ነው፤ «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር፣ አራተኛ። ለአሁኑ አልጠራም። ለሚቀጥለው ዙር ሊጠሩኝ ይችላሉ፣ ላይጠሩኝም ይችላሉ ተባልኩ። ጋሼ የሱፍ ሦስት ቀን ፈቃድ ሰጥቶኛል፤ ለሠርጉም አዲስ የበግ ቆዳ እሰጣለሁ ብሏል። እናቴ ከትናንት ጀምሮ እንግዳ እየቆጠረች ነው፤ በየሰዓቱ ቁጥሩ ይጨምራል። እኔ ደስታዬን የት እንደማስቀምጠው ጨንቆኛል፤ የጎማ መንፊያውን ስይዝ እንኳ እዘፍናለሁ። ኒካሁ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚቆረቁረኝ አንድ ነገር አለ። ያ ያለቀሰው ሽማግሌ።

ረሂማ፣ ከዚህ በታች ያለውን እንዳትዘልዪው። ቃል በቃል አንብቢላቸው፤ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ።

አባባ፣ እኔ እንደማጋንን ያውቃሉ። ሳጋንን ግን እዚያው እመልሰዋለሁ፤ ቀለሙን ማፍሰሴንም ነግሬዎታለሁ። ያልመለስኩት አንድ ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ ኒካሁን ያቆሙት በዚያች በአንዷ ላይ ሆነ። ስምህ ቢወጣም እሰጥሃለሁ ያሉት ለዚያ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። ተጠባባቂ ነኝና ነገ ሊጠሩኝ ይችላሉ፤ ረሂማን ለእርስዎ አደራ ብዬ ስሄድ አደራው የውሸት እንዲሆን አልፈልግም። ቃልዎን ማንሳት ከፈለጉ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለዎት፤ ብሩ ዛሬ ማታ ይመለሳል፣ መልሱን በእሱ ይላኩልኝ። በግራው በኩል ይንገሩት።

ሰባተኛዋ ነጥብ ላይ አላህ ልቤ ውስጥ አልመጣም። ክንዴንም አልነጠቅሁም። ራሴን ስቼ ነው የወደቅሁት። ስነቃ ጭንቅላቴ እትዬ አትጠገብ ጭን ላይ ነበር፤ ፊቴ ላይ ውኃ ትረጭብኛለች። ክቡን ዝጊው ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ፤ ሰው ገደለች ልባል ነው እንዴ ብላ መርፌዋን የጠቀለለች እሷ ናት። ከእኔ ቀጥሎ ለአንገቷ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች፤ አልፋኝ ተቀመጠችና ዓይኗን ሳታርገበግብ ሦስቱንም ዙር አስጨረሰች። ከመውደቄ በፊት ከአፌ የወጣውም አስተግፊሩላህ አይደለም።

«እማዬ» ነው ያልኩት።